አስታራቂ ያጣው ጠርሙስ

የኬሚስቱ ሬሳ የተዘረጋው ከናፍጣ መቀላቀያው ጋን ሥር ነበር፤ አንድ ጫማው ወልቋል፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ እንዳለ ነው። ከጭንቅላቱ ኋላ የፈሰሰው ደም ሲሚንቶው ላይ ደርቋል። ትልቁ የብረት መፍቻ ከጋኑ ጀርባ ተወርውሮ ተገኘ።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየች፣ ጉልበቷን ይዛ ቀና አለች፣ ከዚያ ወንበር ጠየቀች። ጣቢያ ውስጥ «ቁጭ በሉ» የሚል ስም ያወጡላት በዚሁ አመሏ ነው፤ የትም ትሂድ መጀመሪያ የምትፈልገው መቀመጫ ነው። አብሯት የመጣው ሃምሳ አለቃ ደግሞ ጥድፊያ የፈጠረው ሰው ነው፤ ሁለቱን ያጣመረ ሰው ነፍሱን አይማረው!

«ምን ያስቀምጠናል?» አለ። «ሰውየው እኮ ተይዟል። ቀላቃዩ ነው። ትናንት ከኬሚስቱ ጋር በሠራተኛ ሁሉ ፊት ተጣልተዋል። ጠዋት ዘበኛው ሬሳውን አይቶ ሲጮህ ቀላቃዩ በር ላይ ደረሰ፤ ዘበኛው ያዘውና ዘበኛ ቤት አሰረው። እኛ እስክንመጣ ከአጠገቡ አልተነሳም። አለቀ!»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች መርማሪዋ። «ለሰው ዕድሜ ልክ እስራት ከማደልህ በፊት ለእኔ ወንበር ስጠኝ።»

ወንበሩ መጣ። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ተቀመጠች። የመስኮቱ ደፍ ላይ ሁለት ጠርሙሶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ ላይ «አሮጌ»፣ ሌላው ላይ «አዲስ» ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱም እንደ ወተት ነጭ ናቸው። ከበላያቸው ግድግዳው ላይ ኬሚስቱ በደማቅ ቀለም የጻፈው ማስጠንቀቂያ አለ፦ «የተቀመጠ አይነካም!»

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሟቹን ሚስት ነው። ሴትየዋ ባሏን ስትጠብቅ አድራ፣ ጠዋት ጣቢያ ሄዳ «ባሌ አልገባም» እያለች ሳለ ነበር ዘበኛው የደወለው። በመርማሪዋ መኪና አብራት መጣች። አታለቅስም፤ እጆቿን ጭኗ መሃል ቀብራ ወለሉን ታያለች።

«ትናንት ደውሎልኝ ነበር» አለች። «‹ቦቴው ለሆስፒታሉ ተሞልቷል፤ እኔ ግን አላመንኩትም፤ ሳይነጋ አይወጣም፤ ስለዚህ አመሻለሁ› አለኝ። ድምፁ ሌላ ሆኖብኝ ነበር። ምነው መጥቼ ጎትቼ በወሰድኩት!»

«ሆስፒታሉ ናፍጣውን ለምን ይፈልገዋል?»

«ለጄኔሬተሩ ነዋ። መብራት ሲጠፋ ቀዶ ሕክምናውም፣ የጨቅላዎቹ ማሞቂያም በሱ ነው።»

ቀጥሎ ቀላቃዩ በካቴና ገባ። የተሸፈነውን ሬሳ ሲያይ ፊቱን አዞረ።

«ምን አጣላችሁ?»

«ሰደበኝ፣ እትዬ። ‹የቀላቀልከው ተበላሽቷል› ብሎ በሰው ፊት አዋረደኝ። አብረን ስንሠራ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ንዴቱ አናቴ ላይ ወጣና ‹የሰጣችሁኝን በርሜል ነው የቀላቀልኩት!› ብዬ ጮህኩበት።»

«የምኑን በርሜል?»

«የአስታራቂውን። ውሃና ናፍጣ መቼም ሆድና ጀርባ ናቸው። ልዩ ሳሙና መሃላቸው ሲገባ ነው የሚስማሙት፤ ውሃውን አድቅቆ ጠብታ ጠብታውን ናፍጣው ውስጥ ያቅፈዋል። እኛ አስታራቂው እንለዋለን። ከእሱ ጋር የተቀላቀለ ናፍጣ ጭሱ ይቀንሳል፤ ወር ቢቀመጥም አይለያይም። አስታራቂው ካልሆነ ግን ውሃው ወደ ታች ይወርዳል። ሞተር ደግሞ ውሃ ከጠጣ ቀጥ ነው።»

«እነዚያ ጠርሙሶችስ?»

«የሱ ፈተናዎች ናቸው። ከአሮጌው በርሜል አንድ፣ ከአዲሱ አንድ ቀላቅሎ፣ አሳድሮ ያያቸዋል። ወዮለት የነካ! ከተናጠማ ምን ፈተና አለው? መጥፎውም ለጥቂት ጊዜ ወተት ይመስላል።»

«አዲሱን በርሜል ማን አመጣው?»

«ሥራ አስኪያጁ፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም።»

ሥራ አስኪያጁ መሐረቡን ዓይኑ ላይ አድርጎ ገባ። እንባው የውነት ነበር። ሰው መቼም ጉድ ነው፤ ማልቀስና መዋሸት በአንድ ፊት ላይ ይችላል።

«አንድ ወንድሜን!» አለ። «እባክዎ ቦቴው ይውጣልኝ። የሆስፒታሉ ሰዎች ስልኬን አቃጠሉት። ቃል ሰጥቻቸዋለሁ።»

«ይወጣል፣ ይደርሳል። ጠዋት እዚህ ክፍል ገብተህ ነበር?»

«በምን አቅሜ? ዘበኛው እንደነገረኝ ሮጬ መጣሁ። ቀላቃዩን እንዲጠብቅ ነግሬው፣ እናንተ እስክትመጡ ደጁ ላይ ብቻዬን ቆሜ ነበር። እግሬን አላስገባሁም።»

«ድብልቃችሁ ግን ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው ወይ?» ከኮቱ ኪስ ትንሽ ብልቃጥ አወጣ፣ ናጥ ናጥ አድርጎ ወደ ብርሃኑ አነሳው። «ይኸው፣ ወተት! ለደንበኛ ሁሉ እንዲህ ነው የማሳየው። እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም።» ወዲያው ወንድሙ እዚያው እንደተጋደመ ትዝ አለውና ብልቃጡን ኪሱ ከተተው።

ሃምሳ አለቃው ሰዓቱን አየ። «አሁንስ እንሂድ?»

«አንተም ቁጭ በል» አለችው። «ሁሉንም ጥራልኝ።»

ዘበኛው፣ ቀላቃዩ፣ ሚስትየውና ሥራ አስኪያጁ ገብተው ቆሙ። መርማሪዋ ከወንበሯ ሳትነሳ በአገጯ ወደ መስኮቱ አመለከተች።

«ስመጣ ሁለቱም ነጭ ነበሩ። እስቲ አሁን እዩአቸው።»

«አሮጌ» የተባለው ወተት እንደመሰለ ነው። «አዲስ» የተባለው ግን ከላይ ቢጫ ናፍጣ፣ ከታች ድፍርስ ውሃ ሆኗል። ቀላቃዩ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«አባቴ ‹እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል› ይል ነበር» አለች መርማሪዋ። «ይሄኛው ማደርም አላስፈለገው። ኬሚስቱ የቀላቀለው ትናንት ነው። እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ባልኩበት ጊዜ የሚለያይ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ነጭ ሆኖ አያድርም። ስለዚህ እኔ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ አንድ ሰው ንጦታል። ማን? ቀላቃዩ ታስሮ ነበር። ዘበኛው ከአጠገቡ አልተነሳም። ሚስቱ ከእኔ ጋር መኪና ውስጥ ነበረች። ደጁ ላይ ብቻውን የቆመው ማን ነው?»

ሁሉም ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ።

«ጠርሙስ ነካ ማለት ገደለ ማለት ነው?» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«አይደለም። ግን አልገባሁም ብለህ ለምን ዋሸኸኝ? ጠርሙሱ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ ያመጣኸው በርሜል አስታራቂ አይደለም። ይህን ለመደበቅ የወንድምህን ሬሳ ተራምደህ አለፍክ። ቀላቃዩ ቢሆን ይደፋው ነበር እንጂ አይንጠውም፤ ተመልሶ እንደሚለያይ ያውቃላ! ንጦ የሚሄደው፣ ጠርሙስ ሲናጥ እንጂ ሲቀመጥ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው።»

«ቦቴው ውስጥ ያለው ጥሩ ነው!» ብሎ ጮኸ። «በእናቴ፣ ጥሩ ነው!»

ሚስትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወለሉ ላይ ዓይኗን አነሳች። «ጥሩ ከሆነ እንየዋ» አለችና ወደ ግቢው ቀድማ ወጣች።

ሃምሳ አለቃው ዓይኑን ሰብሮ የቀላቃዩን ካቴና ፈታ። ቀላቃዩ ቦቴው ሥር ገብቶ የታችኛውን ቧንቧ ከፈተ። ናፍጣ አልወጣም። አረፋ ያለው ውሃ ተንዠቀዠቀ፣ ግቢውን እያጠበ ወደ በሩ ወረደ።

ሥራ አስኪያጁ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አስታራቂው ከውጭ ዘገየብኝ» አለ። «ለሆስፒታሉ ደግሞ ቃል ገብቻለሁ። ሳሙና ሳሙና ነው ብዬ የልብስ ፈሳሽ ሳሙና በበርሜሉ ሞላሁ። ማታ ስመጣ ሁለቱን ጠርሙሶች ገና አስቀምጧቸዋል። ‹ነገ አዲሱ ተለያይቶ ካገኘሁት ለደንበኛ ሁሉ እናገራለሁ› አለኝ። ስሜን... መፍቻው እጄ ላይ ነበር። ጠዋት በመስኮት ሳይ ተለያይቷል። ገብቼ ናጥኩት።»

ቀላቃዩ የታሰረበትን አንጓ ይዞ ማልቀስ ጀመረ። «ቢኖር ዛሬ ጠዋት እኮ ይቅርታ ይለኝ ነበር» አለ። «ጠርሙሱን ሲያይ ራሱ ይቅርታ ይለኝ ነበር!»

መርማሪዋ ለሃምሳ አለቃው ስልኩን አቀበለችው። «ለሆስፒታሉ ደውል። በዚህ ናፍጣ እንዳይተማመኑ፣ ከሌላ ቦታ ይፈልጉ። አሁን ቸኩል።»

ውሃው አላባራም። ቀላቃዩ እንባውን በእጅጌው ጠርጎ ቧንቧውን ሊዘጋ እጁን ሲዘረጋ ሚስትየዋ ያዘችው።

«ተወው፣ ይፍሰስ» አለች፣ ዓይኗን ከባሏ ወንድም ላይ ሳትነቅል። «ወንድሙን በምን እንደለወጠው አይቶ ይጥገብ።»