ጭላሎ ላይ የወለቀ ጫማ

የአቶ አስናቀ ሬሳ ከገደሉ ሥር በካልሲ ተጋድሞ ተገኘ። ጫማው ግን ከላይ፣ ከአፋፉ ዳር፣ ጎን ለጎን በሥርዓት ተቀምጧል። ኢንስፔክተር ሙቢና ጎንበስ ብላ ካልሲውን አየች። ዶፍ ሲወርድበት በሰነበተ ተራራ ላይ የካልሲው መርገጫ ጭቃ አልነካውም።

ከሟቹ ጋር የወጡት ሁለት ጓደኞቹ ነበሩ፤ ፎቶ አንሺው ሊበንና መምህር ፍሰሐ። ሦስቱ አምና ቻይና ሄደው የቡድሃና የታኦ እምነት ቤተ መቅደሶችን፣ ቅዱስ የሚባሉትንም ተራሮች ዞረው እንደተመለሱ አሰላ ሁሉ ያውቃል። ፍሰሐ ስለ ጉዞው የጻፈው መጽሐፍም ሊመረቅ ተቃርቧል።

«ሊጸልይ ነው ያወለቀው» አለ ፍሰሐ፣ መዳፉን ሱሪው ላይ ደጋግሞ እየጠረገ። «እዚያ ቤተ መቅደስ ስንገባ እንደምናደርገው። ሊበን ፎቶ ሊያነሳ ርቆ ሄዶ ነበር፤ እኔም ወደ ኋላ ቀርቼ ስለነበር ሲወድቅ አላየሁም።»

መስጊድ ደጃፍ ጫማ እያወለቀች ላደገችው ሙቢና ነገሩ እንግዳ አልነበረም፤ አመነችው። የካልሲው ነገር ግን ከነከናትና ሊበንን ለብቻው ጠራችው።

«ቤተ መቅደስ ስትገቡ ጫማችሁን የት ታስቀምጡ ነበር?»

«ኧረ አይወለቅም! የበሩን ደፍ አትርገጡ ብቻ ነው የሚሉን። ጋሽ አስናቀ ደፉን ለመሻገር እግራቸውን ሲያነሱ ቢያዩዋቸው...» ሳቁ ግማሽ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ሁለቱን ሟቹ ቤት፣ ከባለቤቱ ከወይዘሮ ተናኘወርቅ ጋር ሰበሰበቻቸው።

«አቶ አስናቀ ከነጫማቸው ነው የወደቁት» አለች። «አፋፉ ላይ አውልቀው ቢሆን ካልሲያቸው ይጨቀይ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ገደሉ ሥር ወርዶ አወለቀላቸው፤ ይዞም ወጣ። ሲጸልዩ ወደቁ እንድንል ነው። ግን እዚያ አገር ለጸሎት ጫማ እንደማይወለቅ አያውቅም። መምህር፣ እርስዎ የትኛው ቤተ መቅደስ ገብተዋል?»

የመለሰው ሊበን ነው።

«ፍሰሐ አሞት ከሆቴል አልወጣም። እንዳናሳፍረው ብለው ጋሽ አስናቀ ቃል አስገቡኝ።»

«አስናቀ ያላየኸውን አየሁ ብለህ አታሳትም አለኝ» አለ ፍሰሐ በመጨረሻ። «ለሰው እናገራለሁ ሲል ገፋሁት። አንዴ ብቻ።»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ቀና አሉ። «ጫማውን ስታወልቅ ሞቶ ነበር?»

«አልሞተም። በስሜ ጠራኝ። ውሃ ስጠኝ አለኝ።»

«ሰጠኸው?»

«ጫማውን ይዤ ነበር» አለ ፍሰሐ። «ሁለቱም እጄ ሙሉ ነበር።»