ካሜራው ሽታ አያውቅም

እትዬ ሙሚና ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ባለ ሰፈር፣ በሁለት ክፍል ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ሴት ልጃቸው ነኢማ በደሴ መንገድ ላይ ባለችው ካራቆሬ ተድራ የልጆች እናት ሆናለች። ወንድ ልጃቸው ረድዋን አዲስ አበባ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይነግዳል።

እትዬ ሙሚና ስኳር በሽታ አለባቸው። ጤና ጣቢያ የምትከታተላቸው ነርስ ሁልጊዜ የምታስጠነቅቃቸው ነገር ነበር። «እግርዎን በየቀኑ ይዩት፤ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ቢቆስልም ላያመው ይችላል» ትላቸዋለች። ምክሩን ከልባቸው ይዘውት ነበር። ጧት ጧት አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ውስጥ እግራቸውን በትንሽ መስታወት ይፈትሹ ነበር።

ጎረቤታቸው እትዬ ዘርትሁን ደጃፋቸው ላይ ሽንኩርትና ፓፓያ ይሸጣሉ። አንዷ ሙስሊም፣ አንዷ ክርስቲያን ይሁኑ እንጂ ሳይጠያየቁ የዋሉበትን ቀን ሁለቱም አያስታውሱም። እትዬ ዘርትሁን ወደዚያ ቤት ሲገቡ አያንኳኩም፤ «ሙሚ፣ ደህና አደርሽ?» እያሉ ሰተት ነው።

ታዲያ አንድ ቀን እትዬ ሙሚና ስኳራቸው ወርዶ ጓሮ ውስጥ ወደቁ። ያነሷቸው እትዬ ዘርትሁን ነበሩ። ረድዋን ይህን ሲሰማ ደነገጠ፤ ዕንቅልፍም አጣ። በሳምንቱ ካርቶን በካርቶን ላይ ጭኖ ከአዲስ አበባ መጣ።

«እማዬ፣ ከእንግዲህ ብቻሽን አይደለሽም» አላቸው። «ቤትሽን ስማርት አደርገዋለሁ።»

አደረገውም። ቤቱ ሲሞቅ በራሱ የሚነሳ ማራገቢያ ጣሪያው ላይ ሰቀለ። የመድኃኒት ሰዓት ሲደርስ በአማርኛ የምትናገር፣ እሱም በስልኩ የሚያወራባትና የሚሰማባት ድምፅ ማጉያ መኝታ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠ። ሳሎኑ ውስጥ፣ መኝታ ቤቱ ውስጥና ጓሮው ላይ ካሜራ ተከለ። በመጨረሻም የፊት በሩን ቁልፍ ነቅሎ ከአዲስ አበባ ሆኖ በስልኩ የሚከፍተውና የሚዘጋው መቆለፊያ ገጠመ፤ ከጎኑም ደወል። እትዬ ሙሚናም መውጣት ሲፈልጉ ደውለው እሱን ማስከፈት ነበረባቸው።

እውነቱን ለመናገር ዕቃዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። በዚያ የቆላ ሙቀት ማራገቢያው ሳይነኩት ሲነሳ እትዬ ሙሚና ልጃቸውን መርቀዋል። መድኃኒታቸውንም እንደ ድሮው መርሳት ተዉ። ብቸኛ ለሆነ ሰው፣ ለአነስተኛ ቤተሰብ፣ እንዲህ ያለ ነገር በረከት ሊሆን ይችላል። ነገሩ የተበላሸው ሌላ ቦታ ነው። ረድዋን ይህን ሁሉ ሲተክል አንድ ጊዜ እንኳ «እማዬ፣ ይህን ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብሎ አልጠየቀም።

እትዬ ሙሚና ግን ጠየቁት። «ልጄ፣ የመኝታ ቤቷን ዓይን አንሳልኝ። ልብሴን የት ልቀይር?»

«ማን ያይሻል ብለሽ ነው? እኔ ልጅሽ ነኝ እኮ!» አለ እየሳቀ። «ስልጣኔ ነው፤ ትለምጂዋለሽ።»

መልመድ አልቻሉም። መብራት ሲጠፋ ዓይኑም አብሮ ይጠፋልና ደስ እያላቸው ቶሎ ብለው ገላቸውን ይታጠቡ፣ ልብሳቸውን ይቀይሩ ነበር። ረድዋን ይህን ሳያውቅ መብራት ቢጠፋም የሚሠራ ባትሪ አመጣና ገጠመለት። ያቺም ዕረፍት ቀረች።

እትዬ ዘርትሁንም እንደ ልማዳቸው ሊገቡ ሲሉ በሩ አልከፈት አላቸው። ደወሉን ሲጫኑ ከበሩ መቃን ላይ የወንድ ድምፅ መጣ።

«ማን ልበል?»

«ማን ልበል? እኔን ነው?» አሉ እትዬ ዘርትሁን። «ረድዋን፣ አንተ ነህ? ዘርትሁን ነኝ!»

«አወቅኩዎት እትዬ፤ ለደህንነት ብዬ ነው። ለምን ጉዳይ ነበር?»

እትዬ ዘርትሁን ለጎረቤት ቤት ጉዳይ ማስመዝገብ አያውቁበትም። አንድ ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ ረድዋን ደንበኛ ይዞ ሲሆን ደወሉ ሳይነሳ ይቀራል፤ ሲነሳም እንደ ፍተሻ ኬላ ይጠይቃቸዋል። ቅር አላቸውና መምጣቱን አሳነሱ። በመስኮት ብቻ ሰላምታ መለዋወጥ ጀመሩ።

አሁን የምነግራችሁን ስጽፍ ይቀፈኛል። ግን መነገር አለበት።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ረድዋን አዲስ አበባ ምግብ ቤት ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ጥብስ ከቦ ተቀምጧል። ወሬው ስለ ወላጅ ሆነ። ሐሚድ የሚባለው ጓደኛው እናቱን ካየ ብዙ ጊዜ እንደሆነው ሲናገር ረድዋን ስልኩን አወጣ።

«እኔ እናቴን በማንኛውም ሰዓት አያታለሁ። እዩዋት፣ በቀጥታ!»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እትዬ ሙሚና አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ አንገታቸውን ወደ እግራቸው ደፍተዋል። ጧት የረሱትን ፍተሻ ማድረጋቸው ነበር። የጥብስ ቅባት ያለበት ጣት የእናቱን ምስል አጎላው።

«ምን እየፈለጉ ነው? ቁንጫ?» አለ ሐሚድ፤ ገበታውም በሳቅ ፈነዳ።

ረድዋንም አብሮ ሳቀ። ያ ብቻ አልበቃውም፤ ድምፁን ከፍቶ «እማዬ! ምን እየፈለግሽ ነው?» ብሎ ጠራቸው።

እትዬ ሙሚና ክው አሉ። ከመደርደሪያው ላይ የልጃቸው ድምፅ መጣ፤ ከድምፁ ኋላ ደግሞ የብዙ ወንዶች ሳቅ። እሳት እንደነካቸው ሁሉ ቀሚሳቸውን ወደ ታች ጎተቱ። «አዑዙቢላህ!» ብለው ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ወንዶቹ የበለጠ ሳቁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ሙሚና በገዛ ቤታቸው እግራቸውን አልገለጡም። በዚያ ሙቀት ወፍራም ካልሲ አጥልቀው ዋሉ፤ አጥልቀው አደሩ። ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ እንኳ እግራቸውን ሳያጥቡ በካልሲው ላይ ያብሱ ጀመር። ጓሮ ያለው ሽንት ቤት ጠባብና ጨለማ ነው፤ እዚያ ጎንበስ ብሎ እግርን መፈተሽ አይቻልም። ለነኢማ በስልክ እንዳይናገሩ ድምፅ ማጉያው የሚሰማባቸው መሰላቸው። ለልጃቸው ደግሞ ምን ብለው ይንገሩት?

ከጫማቸው ውስጥ የገባች ጠጠር ነበረች ትንሹን ጣታቸውን የላጠችው። አላመማቸውም። ስኳር በሽታ እንዲያ ነው።

ረድዋን በስልኩ ሲያይ እናቱ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ ትበላለች። ስልኩም በአረንጓዴ ጽሑፍ «ሁሉም ደህና ነው» ይለዋል። ድሮ በየወሩ መጨረሻ ጣርማ በርን ተሻግሮ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ቆላው ይወርድ ነበር። አሁን ምን ያመጣዋል? እያያት አይደል? ነኢማም «ወንድሜ እያያት ነው» ብላ በልጆቿና በሥራዋ ተጠመደች።

ቀድመው ነገሩን ያወቁት እትዬ ዘርትሁን ናቸው፤ ያወቁትም በአፍንጫቸው ነው። በመስኮቱ አልፈው ሲሄዱ አንድ ነገር ገፋቸው። ጣፋጭና ክርፍት ያለ፣ ፀሐይ ላይ የተረሳ ሥጋ የመሰለ ሽታ። ወደ መስኮቱ ሲጠጉ ዝንቦች መረቡ ላይ ተለጥፈው አዩ። «ሙሚ! ምንድን ነው ይህ?» ሲሉ እትዬ ሙሚና ከውስጥ «ምንም አይደል፣ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ሰልሏል።

እትዬ ዘርትሁን ሽንኩርታቸውን ጥለው ደወሉን ተጫኑ።

«ረድዋን፣ በሩን ክፈትልኝ። ከቤቱ ክፉ ሽታ ይወጣል።»

«አይጥ ሞቶ ይሆናል እትዬ» አለ ረድዋን። «አሁን እያየኋት ነው፤ ቁጭ ብላለች። ደህና ናት።»

«እኔ እኮ እዚህ ቆሜ እየሸተተኝ ነው የምልህ!»

«እሺ፣ የሚያጸዳ ሰው እልካለሁ። አሁን ሥራ ላይ ነኝ።» ደወሉ ተዘጋ።

አይጥ! እናቱ በቁሟ ትበሰብሳለች፣ ልጇ ከሩቅ እያያት ሽታዋን ለአይጥ ይሰጣል።

እትዬ ዘርትሁን ወዲያው ለነኢማ ደወሉላት። ነኢማ ልጆቿን ለአማቷ ሰጥታ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች። ወንድሟ ላይ በስልክ ጮኻ በሩን አስከፈተችውና ሁለቱ ሴቶች ገቡ። ሽታው ፊታቸውን እንደ ጥፊ መታቸው። እትዬ ሙሚና በትኩሳት ግለው፣ በሙቀቱ ውስጥ ጋቢ ደርበው፣ አልጋው ጥግ ላይ ተኮራምተዋል። ነኢማ ጋቢውን ስታነሳ እናቷ በሁለት እጃቸው ቀሚሳቸውን ያዙ።

«አትግለጪኝ! ያዩኛል!» አሉ።

ካልሲው ከእግራቸው አልወልቅ አለ። በእዥ ደርቆ ከሥጋቸው ጋር ተጣብቋል። ነኢማ ውሃ እያረጠበች ቀስ አድርጋ ስትልጠው፣ ከጠቆረው ጣት ሥር ነጫጭ ትሎች ወለሉ ላይ ተንጠባጠቡ። እትዬ ዘርትሁን ሮጠው ወጥተው ጓሮው ላይ አስመለሱ፤ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ተመለሱና የጎረቤታቸውን ራስ ደረታቸው ላይ አስደግፈው ያዙ።

ያን ጊዜ ከመደርደሪያው ላይ የረድዋን ድምፅ መጣ። «ነኢማ፣ ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ?»

ነኢማ ካልሲውን አንስታ ወደ ካሜራው አስጠጋችው።

«ይኸው አይጥህ! ይታይሃል? ሽታውስ ይደርስሃል?»

መልስ አልጠበቀችም። ፎጣ ካሜራው ላይ ጣለችበት። ባጃጅ ተጠርቶ እትዬ ሙሚና ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። ሁለት ጣቶቻቸው ተቆረጡ። ሐኪሟ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ እግራቸውን ከጉልበት በታች ያጡት እንደነበር ነገረቻቸው።

ረድዋን ደረሰ። ክፍሉ በር ላይ ሲቆም ሳያስበው አፍንጫውን በክንዱ ሸፈነ። ነኢማ አየችው።

«ምነው? ቸኩለህ ሸፈንከው።»

«ወላሂ ነኢማ፣ በየሰዓቱ አያት ነበር። ሥራ ላይ ሆኜ እንኳ ሳላያት አልውልም። ምን ያላደረግኩላት ነገር አለ?»

«አይተሃታል፤ እንደ ቴሌቪዥን አይተሃታል። አጠገቧ የተቀመጥከው መቼ ነው?»

ረድዋን ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

እትዬ ሙሚና ዓይናቸውን ሳይገልጡ ዝግ ብለው ተናገሩ። «ላንተ ስናገር ማን አብሮ እንደሚሰማ በምን አውቃለሁ? የዚያን ቀን እግሬን ገልጬ እያለ ወንዶች ሳቁብኝ። አንተም ሳቅህ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብዬ ልግለጠው?»

ረድዋን የዚያን ቀን ጥብስ ቅባት ጉሮሮው ላይ የመጣበት መሰለው። የክፍሉ ሽታ ጠፋው፤ ገዛ ራሱ ከረፋው። ስልኩን ከዞረበት እጅ ሁሉ ለቅሞ ማምጣት፣ ያንን ሳቅ መልሶ መዋጥ ተመኘ። ግን የእናቱን ገላ ያዩ ዓይኖች አይተዋል።

ነርሷ ቁስሉን ልትጠርግ ስትገባ ነኢማ ከወንበሩ ተነሳች። «አንተ ያዝላት» አለችው። ረድዋን ተንበርክኮ የእናቱን ተረከዝ በሁለት መዳፉ ያዘ። ፋሻው ሲፈታ ላብ አጠመቀው። ፊቱን ግን አላዞረም። እትዬ ሙሚና ቀሚሳቸውን ሊጎትቱ እጃቸውን ሰደዱ፤ ከዚያ ከልጃቸው ጋር ሌላ ወንድ እንደሌለ አዩና ተዉት።

ቤት ሲመለሱ ረድዋን መጀመሪያ ወደ እትዬ ዘርትሁን ሄዶ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። እሳቸው ግን አነሱትና «እኔን ተወኝ። በሩ ላይ ቆሜ የለመንኩህ ለእሷ ብዬ ነው፤ የሚከፋውን ያደረግከው በእሷ ላይ ነው» አሉት። ቀጥሎ መሰላል አቁሞ የሳሎኑንና የመኝታ ቤቱን ካሜራ ነቀለ። የበሩንም መቆለፊያ አውጥቶ ተራ ቁልፍ ገጠመ፤ አንዱን ለእናቱ፣ አንዱን ለእትዬ ዘርትሁን ሰጠ። ከዚያ እናቱ አጠገብ ተቀምጦ ያኔ መጠየቅ የነበረበትን ጠየቀ።

«እማዬ፣ ከቀሩት የትኛው ይጠቅምሻል?»

«ማራገቢያው ይኑር። መድኃኒት የምታስታውሰኝም ትኑር፤ አድማጭነቷን ግን ዝጋልኝ» አሉ እትዬ ሙሚና። «የጓሮውን ዓይን አዙረው፤ የውጭውን በር ይይ። እኔን አይይ።»

ረድዋን እጃቸው ላይ እንደ ሰዓት የምትታሰር መጥሪያ ጨመረላቸው፤ ሲጫኗት በመጀመሪያ የእትዬ ዘርትሁን ስልክ ይጮኻል፣ ቀጥሎ የነኢማና የእሱ። መጫን አለመጫኑ የእሳቸው ፈንታ ነው። ራሱ ደግሞ ወደ ቆላው መውረዱን እንደገና ጀመረ፤ በመጣ ቁጥር የእናቱን ፋሻ የሚፈታው እሱ ነው።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ብዙዎቻችን ለወላጆቻችን ካሜራ ገዝተን «ተንከባከብኩ» እንላለን። ዕቃው የእኛን ሥራ ሊያግዝ እንጂ ሊተካን አልመጣም። ስታስገቡት ባለቤቱን ጠይቁ፤ ልብሱን የሚያወልቅበትን፣ የሚታጠብበትን፣ የሚሰግድበትን ቦታ ተዉለት። በጎረቤት ላይ በር አትዝጉ። የእናታችሁን ገበና በየምግብ ቤቱ አታዙሩ፤ አስጸያፊ ነው፣ ነውር ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሂዱና በሩን አንኳኩ። «ማነው?» ሲሏችሁ ስማችሁን ተናገሩ፤ ሲከፍቱላችሁ ግቡ፤ ከዚያ ተንበርክካችሁ እግራቸውን እዩ።