የአያ ሲልቬሪዮ እባብ ቅጠል

አያ ሲልቬሪዮ ምድጃው አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ትውከቱ አመዱ ላይ ደርቋል፤ ቺቻ፣ የበቆሎ ጠላ፣ የጠጣበትን ቅል ዝንብ ወሮታል። የሲቡንዶይ ሸለቆ ሸንጎ መርማሪ እማማ ማርሲያና ቅሉን አንሥታ አሸተተች። ጠላው ላይ መርዛማ የመለከት አበባ ቅጠል ተቀቅሎበታል።

መድኃኒት አዋቂው ሽማግሌ በጓሮው ብዙ ዓይነት መለከት አበባ ነበረው። ቅሉ ሥር የቀረው ቅጠል ግን ቀጭንና ጠማማ ነው። እባብ ቅጠል ይሉታል፤ በሸለቆው አንድ ዛፍ ብቻ ነበር፣ ለማንም አልሰጠውም። ከዛፉ አንድ ቅርንጫፍ በቅርቡ ተቆርጧል። የቆረጠው ቢላ የተሸረፈ ነበርና ጉቶው ላይ ጭረት ትቷል።

ያን ዕለት ቤቱ የገቡት ሦስት ነበሩ፤ ሴት ልጁ ዶሚቲላ፣ መድኃኒት የሚማረው የወንድሙ ልጅ ኤቫሪስቶ፣ ለከተማ ግቢዎች ተክል የሚገዛው መጤው ጎንሳሎ። ጠላውን የጠመቀችው ዶሚቲላ ስለሆነች አገሩ ፈርዶባት ጨርሷል። በዘጠነኛው ቀን፣ ሐዘኑ ሲወጣ፣ ከሸለቆው ልትባረር ነው።

«እማማ፣ አባቴን አጥቼ አፈሬንም ልጣ?» አለቻት።

ማርሲያና ጎንሳሎን ስለ ሥራው ጠየቀችው። የጠወለገ ቅርንጫፍ መንገድ ላይ እንደሚጥል ሳያፍር ነገራት። ተጸየፈችው፤ ነገሩን ግን ያዘችው። ከዚያ ለመቃብሩ አበባ እለምናለሁ እያለች ከሁለት የሸንጎ ሽማግሌዎች ጋር በየጓሮው ዞረች።

በዘጠነኛው ቀን ሁሉም ተሰበሰበ። ከሁሉ አብልጦ የሚያለቅሰው ኤቫሪስቶ ነበር፤ በመሃል ቺቻውን ይጨልጥና አፉን በእጅጌው ይጠርጋል። የቀበሮ ባሕታዊ። ማርሲያና ቅሏን አስቀመጠች።

«ጎንሳሎ ቢሆን ቅጠሉን ሸምጥጦ ቅርንጫፉን ይጥለው ነበር» አለች ተነሥታ። «መንገዱን፣ ቦዩን፣ አመዱን ፈተሽኩ፤ የለም። የእኛ ሰው ግን የቆረጠውን አይጥልም። ይህን ተክል በእጃችን ካልተከልነው ይጠፋል። ልጅ ሆነን ቅርንጫፍ ስንጥል እጃችንን ተመትተናል።»

ከነጠላዋ ሥር ጭቃ የለበሰ፣ ገና ነጭ ሥር ማውጣት የጀመረ እንጨት አወጣች።

«ከዶሚቲላ ጓሮ ነው አይደል?» አለ ኤቫሪስቶ።

«ካንተ አጥር ሥር። ሽማግሌዎቹ አይተዋል።»

«አጎቴ ነው የሰጠኝ። ዓምና።»

«የዓምና ቢሆን ዛሬ አጥርህን ያልፍ ነበር። ይህ ገና ሥር መስደዱ ነው።»

ሁሉንም ወደ ዛፉ ወሰደቻቸውና እንጨቱን ጉቶው ላይ ገጠመችው። ልጡ ከልጡ፣ ጭረቱ ከጭረቱ ገጠመ።

ኤቫሪስቶ ማልቀሱን ተወ። «ስምንት ዓመት አገለገልኩት። በመጨረሻ ዛፉ የልጄ ነው አለኝ። ደግሞስ ሽማግሌ ነበር፤ ዛሬ ነገ ይሞታል የሚባል ሰው።»

ማርሲያና ምራቋን ተፋች። «አጎትህን እንደ ውሻ አስተፍተህ ገደልክ፤ ለእንጨቱ ግን አዘንክ።»

ሽማግሌዎቹ አስረው ወሰዱት። ማርሲያና እንጨቱ እጇ ላይ ከበዳትና ለሐዘንተኛው ወደተነደደው እሳት ልትወረውረው ስትል ዶሚቲላ ያዘቻት።

«እንጨቱ ምን በደለ?»

ተቀብላትም ከእናት ዛፉ አጠገብ ተከለችው፤ አፈሩንም በተረከዟ ጠቀጠቀች። ማርሲያና መርዙ ሲተከል ቆማ ማየት አልቻለችም። እጇን ልትታጠብ ሄደች።