የአባት ስም

«አውቶቡሱ ሞልቷል?» አላት ግርማይ።

«ገና ነው» አለች ዘርፌ።

በመግባቢያቸው ተከታይ የለም ማለት ነበር። ውሸት!

ከጉርድ ሾላ ማቆሚያ ማዶ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ላንድሮቨር ቆሟል። ውስጡ አለቃዋ አለ፤ በምስጢር ስሙ «አባወራ»። ተሳፋሪ መስለው የተሰለፉት ሁለት ሰዎችም የሱ ናቸው። ነጠላዋ ከራሷ ላይ ሲወርድ ካዩ ግርማይን ያንቁታል።

ዘርፌ በጸጥታው መሥሪያ ቤት «ሰፌድ» ትባላለች። በቦሌው የውይይት ክበብ ግን ታይፒስቷ ተናኜ ናት። ግርማይም የሚያውቃት በዚሁ ስም ነው።

ግርማይ የመንግሥት ኮምፒዩተር መሐንዲስ ነው። የሽንኩርት ዘንቢል አቀበላት። ከሽንኩርቱ ሥር ክብ ቆርቆሮ፣ በቆርቆሮው ውስጥ ማሽኑ የከተማውን ሰው በስም ያዛመደበት ቴፕ አለ።

«ዛሬውኑ አቃጥዪው። ሌላ ቅጂ የለውም። ነገ ማሽኑ ላይ ከተጫነ የክበባችን ዶክተር ሐሚዳ አለቀላት።»

«ምን አድርጋ?»

«ምንም! ማሽኑ የተፈላጊው የአብዱልናስር አብዱልገኒ እኅት ናት ብሏል። አባቷ አብዱልገኒ፣ የሱም አባት አብዱልገኒ።»

«ወሎ ውስጥ ስንት አብዱልገኒ አለ?»

«ፈረንጅ የሠራው ነዋ! እነሱ ዘንድ የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ነው፤ የአባት ስም መሆኑ የት ይገባዋል? ሹም አይል፣ ተራ አይል፣ የከተማውን ሰው ወንድምና እኅት አድርጎታል። ለአለቆቹ ነገርኳቸው። ማሽን አይሳሳትም አሉኝ።»

ዘርፌን አንገሸገሻት። ሳምባ ምች የጣላት ጊዜ ቤቷ ድረስ እየተመላለሰች መርፌ የወጋቻት ሐሚዳ ናት። ሰላይ እያዳነች መሆኑን አላወቀችም።

ነጠላዋን አላወረደችም።

«አውቶቡስህን ያዝና ሂድ» አለችውና ዘንቢሉን አንጠልጥላ ተሻገረች።

አባወራ፣ በእውነተኛ ስሙ ሻለቃ ዓለምሰገድ ቢተው፣ ብርቱካን እየመጠጠ ነበር። ጭማቂው አገጩ ላይ ይወርዳል።

«ምልክቱስ?»

«ሻለቃ፣ ማሽኑ ተሳስቷል። ሐሚዳ እኅቱ አይደለችም።»

«አውቃለሁ።» ፍሬውን እግሩ ሥር እንትፍ አለ።

«ያውቃሉ?»

«ድሮ ሰው ሲታሰር አንዱ መፈረም ነበረበት። ዘመን ሲገለበጥ ማን ፈረመ ይባላል። አሁን ማሽኑ አለልን። እኛ ምን አገባን?»

ሳቀ። ኤጭ! ዘርፌ በዚህ ሥራ ያላየችው ጉድ የለም፤ እንዲህ ያለ ሳቅ ግን ሰምታ አታውቅም። ክበቡ ውስጥ ሐኪሟና መሐንዲሱ፣ ማሽን ማሰብ ከጀመረ ሰው በምን ይለያል እያሉ ሲጨቃጨቁ፣ አብረው የሚቀመጡት መሪጌታ «ሰውማ ሲጠሩት አቤት የሚል ነው» ብለው ነበር። የሽማግሌ ወግ መስሏት በቃለ ጉባኤው ሳትጽፈው ቀረች። ይኼ ሻለቃ ግን አቤት ላለማለት ማሽን ገዝቷል። ድንቄም አብዮተኛ!

«የእርስዎ አባት ማን ይባላሉ?»

«ምን አልሽ?»

«ቢተው። ከነመሣሪያው ጫካ የገባው፣ በራዲዮ የታወጀበትስ? ይርጋ ቢተው። ነገ ቴፑ ሲጫን ወንድምዎ ይሆናል።»

ብርቱካኑ ከእጁ ወደቀ።

«እኔ? ሰውዬውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም! አባቱ ሌላ፣ አባቴ ሌላ!»

«ማሽን አይሳሳትም ብለው አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የተናገሩት እርስዎ ነዎት።»

ሻለቃው ዘንቢሉን ነጠቃት። ከዛፎቹ ጀርባ ቤንዚን አርከፍክፎ ክብሪት ጫረ። ቴፑ እየተኮማተረ ነደደ፤ ግማቱ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሐሚዳ ተረፈች። ዘርፌ ለአንድ አፍታ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

አባወራ እጁን በሱሪው ጠራረገ።

«ለበላይ ሌባ ማቅረብ አለብኝ።»

ዘርፌ ወደ ማቆሚያው አየች። አውቶቡሱ አልመጣም። ግርማይ እዚያው ቆሟል።

«አይሆንም! ስህተቱን የነገረን እሱ ነው!»

«ስሙ ግርማይ ነው፤ የሰሜን ስም። በዚህ ጊዜ ቢጮህ ማን ይሰማዋል?»

ነጠላዋን በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

ሻለቃው ወደ መንገዱ ዳር ጎትቶ አወጣትና ነጠላዋን ራሱ ገፈፋት።

«ግርማይ!» አለ ከተሰለፉት አንዱ።

«አቤት!» ብሎ ዞረ።

ቅዳሜ ክበቡ ተሰበሰበ። ግርማይ ቴፑን ሰርቆ ኮበለለ የሚለውን ወሬ መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ በትኖታል። ዶክተር ሐሚዳ ባዶውን ወንበር እያየች ከንፈሯን መጠጠች።

«ፈሪ! ሌባ! እኔ ደግሞ ሰው ብዬው!»

ዘርፌ ወረቀት ታይፑ ላይ አስገባች። ጣቶቿ ታይፑ ላይ ነበሩ።

«ጻፊው እንጂ፣ ተናኜ» አለች ሐሚዳ። «ክበባችን እንዳወገዘው ይታወቅ።»

ጻፈችው።

ሐሚዳ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። «አልሐምዱሊላህ፣ አንቺን የመሰለ ሰው እንኳ አልጠፋም።»

«አሜን» አለች ዘርፌ። ወረቀቱን ከታይፑ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ከዚያ ወዲህ ቦሌ ላይ ተናኜ የምትባል ታይፒስት ያየ የለም።