አቶ ለሳምንት

መጀመሪያ ያየችው ደረጃው አፋፍ ላይ ነው፤ ያየችውም ተናዳ ነው።

ሲኒማ ቤቱ ከቀለም መደብር በላይ ያለ፣ ስድሳ ወንበር ብቻ የያዘ አዳራሽ ነው። ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች የማይፈልጓቸውን ፊልሞች ያሳያል፤ በጥቂት ገንዘብ የተሠሩ ድራማዎችንና ዘጋቢ ፊልሞችን። ፊልም የምትመርጠውም፣ ትኬት የምትቆርጠውም፣ ሲያልቅ ተመልካቹን የምታወያየውም እሷ ናት። ያን ቅዳሜ ከሰዓት ውይይቱን ልትከፍት ስትነሳ፣ አንድ ረጅም ሰውዬ ኮቱን በክንዱ ይዞ በሩን ገፋ።

«ወንድሜ፣ አስተያየት ሳይሰጡ?»

«ለሳምንት» አለ።

«ምኑ ነው ለሳምንት?»

«አስተያየቴ። ለሳምንት አመጣዋለሁ።» ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ።

ተመልካቹ ሳቀባት። ዘበኛውም ከታች ሆኖ «አስተያየትም እንደ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይያዝለት ጀመር!» አለ።

ሳምንት ሆነ። ሰውየው መጣ። ትኬቱን ተቀበለና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ መምህር ፊት እንደቆመ ተማሪ በቃሉ ተናገረ።

«ያ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢዎቹ ፊልም... ፊልም ሠሪው እንባ ባየ ቁጥር ካሜራውን ያስጠጋል። ሰው ሲያለቅስ መራቅ ነው ያለበት። እኒያ ሴትዮ ያለቀሱት ለእሱ ብለው አይደለም።»

ብሎ ገባ። እሷ ትኬቱን እንደያዘች ቀረች። እዚያ ቦታ ላይ እሷም አልቅሳ ነበር፤ ካለቀሰች በኋላ ግን አንድ ነገር ሲከነክናት ከረመ። ምን እንደሆነ አሁን ነገራት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሌላ ቀን ሆነ። ቤታቸውን ስለሚሸጡ ሁለት ወንድማማቾች የተሠራውን ድራማ ካየ በኋላ እንዲህ አላት፦

«ወንድማማቾቹ ሦስት ጊዜ ዝም ይላሉ። የመጀመሪያው ሐዘን ነው። ሁለተኛው ኩርፊያ ነው። ሦስተኛው ግን ደራሲው የሚያናግራቸው ነገር ስላለቀበት ነው።»

ከት ብላ ሳቀች። ባቡር የማያልፍበትን የሐዲድ መሻገሪያ ስለሚጠብቁት ሽማግሌ የተሠራውን ዘጋቢ ፊልም ደግሞ «ሽማግሌው ብቸኛ አይደሉም፤ ብቸኛ ያደረጋቸው ሙዚቃው ነው። ድምፁን ዘግተሽ እዪያቸው፣ ሥራ የበዛባቸው ሰው ናቸው» አላት። ድምፁን ዘግታ አየችው። እውነት ነበር!

ዕድሜዋ አርባን ሊረግጥ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። የፍቅር ነገር ተዘግቷል ብላ ቁልፉንም የጣለች ሴት ነበረች። አሁን ግን ፊልም ስትመርጥ «እሱ ምን ይል ይሆን?» እያለች ሆነ። ዘበኛው ገብቶታል።

«ልጄ፣ አቶ ለሳምንት መጡ! ጸጉርሽን አስተካክይ።»

«አርፈው ይቀመጡ ጋሼ!» ትላለች፤ ጸጉሯን ግን ታስተካክላለች።

አንድ ቅዳሜ ፊልሙ ሲያልቅ ደረጃው ላይ ቀደመችው።

«ዛሬ እንኳ ሻይ እንጠጣ።»

«አልችልም።»

«አምስት ደቂቃ?»

«አምስት ደቂቃ የለኝም።»

«ምነው፣ ሚስትህ ትቆጣለች?» አለች። ቀልዷን ነበር።

እሱ አልሳቀም። «አትቆጣም» ብሎ ወረደ።

እሷ እዚያው ቆመች። ለካ ሚስት አለው... ወሩን ሙሉ ያቃጠላት ነገር አንድ ላይ ነደደ። በሳምንቱ ሲመጣ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። አስተያየቱን መናገር ሲጀምር አቋረጠችው።

«እሱን ለሚስትህ ንገራት።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ትኬቱን ጠረጴዛው ላይ መልሶ ወጣ።

በቀጣዩ ቅዳሜ አልመጣም። በሚከተለውም አልመጣም። ሦስተኛው ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ልቧ ከኩራቷ በለጠ። ሰውየው ልብስ ሰፊ መሆኑን፣ ሱቁም ቤቱም አንድ ላይ መሆኑን ከዘበኛው ሰማች። የኮቷን ገበር በመቀስ ቀደደችና ሄደች።

የፊተኛው ክፍል ውስጥ የስፌት መኪና፣ የካውያ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተሰመሩ ያልተሰፉ ኮቶች አሉ። ሲያያት ከወንበሩ ተነሳ።

«ገበሩ ተቀዶብኝ ነው» አለች።

ገልብጦ አየው። «ይሄ በመቀስ ነው የተቀደደው።»

ከውስጠኛው ክፍል የሴት ሳቅ ተሰማ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

«ትኬት ቆራጯ ናት? አስገባት እንጂ! ኮቷን በመቀስ ቀዳ የመጣች ሴት ደጅ ትቆማለች?»

ሴትየዋ አልጋ ላይ ናት። ጸጉሯ አጭር፣ ፊቷ ጠባብ፣ ዓይኗ ግን ሰውን ዘልቆ የሚያይ።

«እትዬ፣ እንደምን አሉ?»

«እንደምታዪኝ፣ ከአንገቴ በላይ ነኝ። መኪና ከገጨኝ ዘጠኝ ዓመቴ። ነይ ተቀመጪ፣ እህቴ። ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ፤ የሰው ስህተት ሳድን ነው የኖርኩት። ጎረቤታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ያህል ትጠብቀኛለች፣ እሱም ይሄዳል። ሰሞኑን ግን ሳንባዬ አስሮ አስቀረው። ያለፈው ቅዳሜ ምን አሳየሽ?»

ትኬት ቆራጯ ተረከች። ልጇ ጥላት ስለምትሄድ እናት የተሠራ ድራማ ነበር። «በጣም ልብ ይነካል...»

«ልብሽን ተዪው። ልጅቷ ሻንጣዋን ስትዘጋ የእናትየዋ እጅ የት ነበር?»

«...ጠረጴዛው ላይ። ፍርፋሪ ትጠርግ ነበር።»

«ፍርፋሪ ነበረ?»

አሰበች። «አልነበረም። ጠረጴዛው ንጹሕ ነበር።»

ሴትየዋ ዓይኗን ጨፈነች። «እንግዲያው ደራሲው ያውቃል ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ግን እናትየዋን አናገራት፣ አይደል?»

«አዎ። ‹አትሂጂብኝ› አለቻት።»

«አበላሸው! እጇ ብሎት የለም እንዴ?»

ትኬት ቆራጯ ይህን አነጋገር ታውቀዋለች። ከቅዳሜ ቅዳሜ ስትጠብቀው የኖረችው፣ ተኝታ በልቧ የምትደግመው ይኸው አነጋገር ነው። ዞር ብላ ሰውየውን አየችው። በሩ ላይ ቆሞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። የሚስቱን ቃል እያጠና ነበር።

ሻይ ሊያፈላ ሲወጣ ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አላወቅሽም ነበር?»

«አላወቅሁም።»

«እሱ ማየት ነው የሚችለው። አንድ ነገር አያመልጠውም፣ የአዝራር ቀለም ሳይቀር ይነግረኛል። ፍርዱን ለእኔ ይተወዋል። ስላንቺም ነግሮኛል። የቀሚስሽን ጠርዝ ሳይቀር! ያኔ ነው ያወቅሁት።»

«ምኑን፣ እትዬ?»

«ወንድ ልጅ ስለ ቀሚስ ጠርዝ ሩብ ሰዓት ያወራል፣ እህቴ?» ሳቀች፤ ሳለች፤ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። «እኔ ስሄድ ብቻውን አትተዪው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እሱ የወደደው አንቺን ነው። አንቺ የወደድሽው ማንን እንደሆነ እኔንጃ።»

ትኬት ቆራጯ ተነስታ ትራሷን አስተካከለችላት።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ እየሄደች ፊልሞቹን ራሷ ትተርክላት ጀመር። አራት ወር። በሕይወቷ እንደዚያ የሳቀችበት ጊዜ አልነበረም። አንድ ማለዳ የሴትየዋ ትንፋሽ አልመለስ አለ። ቀብሩ ላይ አንዲት ሴት ጠጋ ብላ «ምኗ ነሽ?» ስትላት የምትለው ጠፋት። እህቷ አይደለችም፣ ጎረቤቷ አይደለችም። የባሏ ምን እንደሆነችም ገና ራሷ አታውቅም። ከሁሉ በላይ አለቀሰች።

በዓመቱ ከልብስ ሰፊው ጋር አብረው መኖር ጀመሩ። ድግስ የለ፣ ወሬ የለ። ጥሩ ሰው ነው፤ ክፉ ቃል አይወጣውም። ውሃ አሙቆ ይጠብቃታል፤ የሰፋላት ቀሚስ አካሏን ያውቀዋል። ግን ፊልም አይተው በተመለሱ ቁጥር መተረክ ይጀምራል፤ ማን የት እንደቆመ፣ በሩ እንዴት እንደጮኸ። ሲጨርስ ያያታል። ይጠብቃል።

«ቆንጆ ፊልም ነው» ትላለች።

አንገቱን ይደፋል።

እሷም ትጠይቀዋለች። «አንተስ? ምን መሰለህ?»

«እኔማ... ጥሩ ነው።»

ሁለቱም ሦስተኛዋን እየጠበቁ ይተኛሉ። አንድ ቀን ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ ከእሱ አፍ የራሱ የሆነ አንድ ነገር ይወጣል ብላ። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

በሁለተኛው ዓመት፣ ሚስቱ ስለሞተችበት የእጅ ሰዓት ጠጋኝ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም አሳየች። ሰዓት ጠጋኙ ፊልሙን ሙሉ ስለ ሟቿ ይናገራል። ሁለተኛ ሚስቱ ከኋላው ሳህን ይዛ ታልፋለች፣ ልብስ ይዛ ትመለሳለች። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ልብስ ሰፊው ከወንበሩ አልተነሳም።

«ሴትየዋ አሳዘነችኝ» አለ።

«ሟቿ?»

«አይደለም። ከኋላ የምታልፈዋ። ፊልም ሠሪው አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቃትም። ባሏም አልጠየቃትም። ክፉ ሆኖ አይደለም... አያያትም። ቀና ሲል የሚያየው ሌላ ሰው ነው።»

ወደ እሱ ዞረች። «እሷስ? እሷ እሱን ታየዋለች?»

«እሷም አታየውም» አለ ቀስ ብሎ። «እሷም የሟቿን ቦታ ነው የምታየው።»

«ታዲያ ምን ያድርጉ?»

እጁን ጉልበቱ ላይ አሻሸ። «እኔ ብሆን እንድትሄድ እነግራት ነበር። ገና ጉልበት አላት።»

«ይሄን ያለው ማነው?» አለች፤ እንባዋ አፏ ውስጥ ገባ። «ማን ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ። ሌላ ማን አለ?»

ተቃቅፈው አለቀሱ። ስትጠብቀው የኖረችው የእሱ ፍርድ ይኸው ነበር፤ የሚታረም ነገርም አልነበረውም።

ሰኞ ዕቃዋን ወደ እህቷ ቤት አዞረች። ቀሚሶቿን እሱ ነው ያጠፈላት፣ አንድ መስመር እንኳ ሳይሰበር። ሻንጣውን እስከ መንገድ ተሸክሞላት ወጣ።

«ፊልም ግን ልመጣ እችላለሁ?» አላት።

ልትለው የፈለገችውን ሳይሆን የሚሻለውን ነገረችው።

«አትምጣ።»

«እሺ» አለ።

አልመጣም።