ከአፈር በታች ያለው ምልክት

በሰንደልማ ምድር ንጉሡ ሲተኛ ወንዙም ይተኛል። በዚያ ዓመት ንጉሥ ዘልአም በቀትር እንዳንቀላፋ አልነቃም፤ ታላቁ ወንዝም ባለበት ደረቀ። እንቅልፉን የሚያባርረው በአውራዳ ጫካ የሚበቅለው ነጭ እንጉዳይ ብቻ ነበር። ነገር ግን ገዳይ መንትያ አለው፤ በሕጉ ደግሞ መድኃኒት ያመጣ ሰው አስቀድሞ ይቀምሳል። እስካሁን የሄዱት ሁሉ ቀምሰው ሞተዋል።

ወጣቷ ማርዳ በንጉሡ አልጋ ፊት «እኔ አመጣዋለሁ!» ብላ ስትምል፣ እናቷ ዘርፌ በልቧ የልጇን ለቅሶ ተቀምጣ ነበር። ተከትላት ወጣች። ሽማግሌው ወታደር ባሻ ጎሹም ጋሻውን አንግቦ አጀባቸው።

«እመት ዘርፌ፣ ገና ጫካው ሳይታይ አልቅሰው ቀበሩን እኮ!» አላት።

«ኋላ ጊዜ ባጣስ?»

በጫካው ደጃፍ ቅጠል የለበሰ ግዙፍ ጎሽ፣ የአውራዳው ጠባቂ ሸርጋ፣ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ቁረጡ፤ አትቆፍሩ! አፈሬን የቆፈረ እጅ እንጨት ይሆናል» አለ።

ይህን ፈርቶ የሰንደልማ ሰው ሁሉ እንጉዳይን ከአፈር በላይ በቢላዋ ይቆርጣል እንጂ አይነቅልም።

በወደቀ ግንድ ሥር ነጫጭ እንጉዳዮች በቅለው አገኙ። ማርዳ ቆባቸውን አየች፤ አሸተተች፤ ሁሉም አንድ ናቸው። ቢላዋዋን አስጠግታ ቆመች።

«እማዬ፣ የሞቱት ሁሉ ከላይ ነው የቆረጡት። ምልክቱ ቆርጠን በምንተወው በኩል ቢሆንስ?»

ጣቷን ወደ አፈሩ ስትሰድ ዘርፌ ገፍታ ጣለቻት።

«ያንቺ እጅ ገና ልጅ ያቅፋል!»

በራሷ ቀኝ እጅ ቆፈረች። ጣቶቿ ቅርፊት አወጡ። ከእንጉዳዩ ግርጌ እንደ ተሰበረ እንቁላል ያለ ነጭ ከረጢት ወጣ፤ ውስጡ የሞቱ ጉንዳኖች ሞልተውበታል።

«ሞት ይሄ ነው! እንግዲህ ያኛውን እንቁረጥ፤ ይበቃል» አለ ባሻ።

«ያኛውም ሞት ቢሆንስ?» አለች ዘርፌ።

ቆፈረች። ያኛውም ከረጢት ነበረው። ባሻ አንገቱን ደፋ። ሦስተኛውን ስታወጣ እንጨቱ ትከሻዋ ደርሶ ነበር፤ የዚህኛው እግር ግን ከረጢት የለውም፤ ጉንዳኖችም በሕይወት ይርመሰመሱበታል።

በቤተ መንግሥት ማርዳ ቀመሰች። ልጅቱ አልወደቀችም። ንጉሡም ባቀመሱት ጊዜ ዓይኑን ገለጠ፤ ከሩቅም የውሃ ድምፅ ተሰማ።

ማርዳ የእናቷን የእንጨት እጅ አንስታ ሳመች። ዘርፌ አልተሰማትም፤ አይታ ነው ያወቀችው።

«ምን ላድርግልሽ?» ሲል ንጉሡ ዘርፌን ጠየቃት።

ዘርፌ የውሃውን ድምፅ አዳመጠች።

«ጃንሆይ፣ ቶሎ አዋጅ ያስነግሩልኝ። ልጆች በደረቁ ወንዝ ውስጥ ሲጫወቱ ነው የከረሙት፤ ሙላቱ ሳይደርስባቸው ይውጡ።»