ይማሩልኝ

«እግዚአብሔር ሆይ፣ እባክዎ እናቴን ይማሩልኝ» አለች ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና። ከኋላዋ አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ።

«ማ»ን አጥብቃዋለች። ላላ ብታደርገው ምሕረት ነበር፤ ሲጠብቅ ግን «ትምህርት ቤት ይግቡልኝ» ሆነ። ጊታር መቺው «የት ነው የሚማሩት? የቀን ነው የማታ?» ብሎ ሹክ ሲል የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች በሳቅ ፈነዱ። መሪያቸው «ኧረ ጸሎት ላይ ነን!» ቢልም እሱም ከንፈሩን ነክሶ ነበር። ጸሎቷን ሳትጨርስ ተቀመጠች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«እርስዎ» ያለችው ከመሬት ተነሥታ አይደለም። አባቷ ወንጌላዊ ነው፤ እሷ አሥራ አራት ዓመት እስኪሞላት አራት አገር ኖረዋል። የሚጸልዩት በየደረሱበት አገር ቋንቋ ነበር። አማርኛውን ያስተማረቻት እናቷ ናት፤ እናቷ ደግሞ «ትልቅ ሰው እርስዎ ይባላል» እያለች ነው ያሳደገቻት። ጎረቤቱን ሁሉ አንቱ ሲል የሚውል ሰው ፈጣሪውን ሲያገኝ «አንተ» እንደሚል ማን ይንገራት? በሳምንቱ ስትመጣ አዲስ ስም ወጥቶላት ጠበቃት።

«እርስዎ! ይቀመጡ እንጂ፣ ምን ያቆምዎታል?»

እናቷ የተኛችበት የሆስፒታል ክፍል ስድስት አልጋ አለው። ጉበቷን ነው የሚያማት። ሐኪሙ አባቷን ኮሪደር ላይ ለብቻው ካነጋገረው ወዲህ ቤት ውስጥ ስለ መዳን የሚያወራ የለም።

«ወጣቶቹ ጋ ሄድሽ ወይ፣ የኔ እናት?»

«ሄድኩ፣ እማ። ደስ ይላሉ።»

«እኔ ያልኖርኩ እንደሆነ ብቻሽን እንዳትቀሪብኝ ብዬ እኮ ነው።»

ልጅቷ ትራሱን አስተካከለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ሁለቱም ሌላ ወሬ ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷ በር ላይ አድርሷት ሲመለስ፣ እሷ ከሕንፃው ጀርባ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ሰዓቱን ትገፋለች። አንድ ረጅም ወጣት ያገኛት እዚያ ነው። ከከባድ መኪና ሹፌር አባቱ ጋር ድንበር ለድንበር ሲዞር ያደገ ልጅ ነው።

«እግዜርን ትምህርት ቤት ያስገባሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

ብድግ አለች።

«ተይ ባክሽ፣ ተቀመጪ! እኔ ፓስተሩን ‹አንቺ› ብያቸዋለሁ። ሦስት ወር ሙሉ! ማንም አልነገረኝም እኮ፤ ሙድ እየያዙብኝ ነበር።»

ሳቀች። ከሳቁ ጋር እንባዋም አብሮ መጣ፤ አላፈረችበትም።

የድምፅ መሣሪያ ወደሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ወሰዳት። የመዘምራን ልብስ የምትሰፋው ሴትዮ አሮጌ ስፒከር ላይ ተቀምጣለች፤ ወጣትነቷን በሰው አገር፣ በሰው ቤት ሠራተኝነት የጨረሰች ናት። አጠገቧ በስደተኞች መጠለያ ያደጉ መንታ እህትማማቾች አሉ። «የት አገር ነሽ?» ያላት የለም፤ ጥያቄው ሁሉንም አንገፍግፏቸዋል። ሲጸልዩ ግማሹን በአንዱ ቋንቋ፣ ግማሹን በሌላው ነው። ተራዋ ሲደርስ ራሷን ነቀነቀች።

«እንለፍሽ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

አለፏት። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ አለፏት፤ ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

አባቷ የደወለው ከዚያ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ነው። «ነይ» ብሎ ዘጋው። ልብስ ሰፊዋ ምንም ሳትጠይቅ ቦርሳዋን አነሣች፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

የሆስፒታሉ ዘበኛ በሩ ላይ እጁን ዘረጋ። «የመጠየቂያ ሰዓት አልፏል። ዘመድ ብቻ ነው የሚገባው። እነዚህ ምንሽ ናቸው?»

ጓደኞቼ ብትል እንደማይገቡ ገብቷታል።

«ወንድሜ ነው» አለች። «እነሱ እህቶቼ ናቸው። እሷ አክስቴ።»

ዘበኛው አንድ በአንድ አያቸው። «አንዳችሁም አትመሳሰሉም እኮ!»

«በየአገሩ ስለተወለድን ነው፣ ጋሼ።»

ፊቷን አየና እጁን አወረደ።

እናቷ ዓይኗን አልገለጠችም። ትንፋሿ ይመጣና ይጠፋል፤ እስኪመለስ ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል። በስንት ሰው ሞት ላይ ያጽናና የነበረው አባቷ መጽሐፍ ቅዱሱን ዘግቶ ግድግዳውን ያያል። ረጅሙ ሊጸልይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቆይ» አለችው ልጅቷ።

የእናቷን እጅ ያዘች። «እማ፣ ሰዎቼን አመጣሁልሽ» አለቻት። ከዚያም ለስድስቱም አልጋ በሚሰማ ድምፅ ጸሎቱን ራሷ ጀመረች።